የጭነት መኪና ሞተር በራስ እጅ ማጽዳትና መጠበቅ፦ በወሎ ዳገትና አቧራ ለሚሠሩ

ከኮምቦልቻ ጭኖ ደሴ የሚገባ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል። ያው መኪና በማግስቱ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ቢወርድ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ፣ ነፋሱ ራሱ የሚያቃጥል አገር ውስጥ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ደላንታ ወይም ወደ ሰቆጣ በኮረኮንች ከተጓዘ ደግሞ የፊት መኪና ያስነሣውን አቧራ ቀኑን ሙሉ ይጠጣል። በዚህ አገር ሞተር ያለ ዕድሜው የሚሞተው በአብዛኛው በሁለት ነገር ነው፤ አቧራ ሲገባበትና ሙቀት ሳይወጣለት ሲቀር። ሁለቱንም ሹፌርና ረዳት በራሳቸው እጅ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መከላከል ይችላሉ።

ሞተር ማጠብ ለውበት አይደለም። በዘይትና በአቧራ የተለሰነ ሞተር ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ልስኑ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀት ይይዛል። ሁለተኛና ዋናው፣ ከየት እንደሚያፈስ አይታይም። ሞተሩን የምናጥበው ለማየት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ቁጥሮቹ በአካባቢው በብዛት ለሚታዩት አይሱዙ ኤንፒአርና ሲኖትራክ ይሠራሉ፤ የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው ግን የመጽሐፉን ያዙ።

ከመታጠቡ በፊት

ደሴ ላይ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ቢሆንም ፈልጉ፤ በተዳፋት ላይ የዘይት መጠንም በትክክል አይለካም፣ መኪናውም አይታመንም። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። ጋቢናውን ከማንሣታችሁ በፊት ውስጡን አራግፉ፤ የተረሳ ፔርሙስ ወይም መፍቻ ሲንከባለል የፊት መስታወቱን ይሰብራል። ጋቢናው ከተነሣ በኋላ መደገፊያው መቆለፉን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ በእጃችሁ ነቅንቃችሁ አረጋግጡ። ያልተቆለፈ ጋቢና ሥር ጭንቅላት አይገባም።

አሁን ውሃ ከመድረሱ በፊት የእጅ ባትሪ አብርታችሁ አሥር ደቂቃ ዙሩት። እርጥብ የሆነውን ቦታ ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሡ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ማስረጃው ሁሉ ከውሃው ጋር ሄዷል። ስታዩ ከታች ወደ ላይ ሂዱ። ዘይት ወደ ታች ይፈሳል፣ የፋኑ ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ዕቃ) ላይ የተንጠለጠለው ጠብታ ምንጩ ኮፓው ነው ማለት አይደለም። ከሁሉም ላይና ከሁሉም ፊት ያለውን እርጥብ ቦታ ፈልጉ፤ ምንጩ እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ርካሽ ነው። ሳይታወቅ ስንት ሰው የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደውን ቀለበት) ለማስቀየር ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አስወርዷል!

ናፍጣ የሚያፈስ ቦታ በተቃራኒው ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ናፍጣው ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ልስን ስለሚያጥበው። የራዲያተር ውሃ ሲደርቅ ነጭ ወይም እንደ ኩላንቱ ቀለም አረንጓዴ፣ ቀይ ቅርፊት ይተዋል።

እጥበቱ

ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ ማለትም ቴስታታው ላይ መዳፍ አሳርፎ ማቆየት እስኪቻል። ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተረጨ የማርሚታው መነሻ፣ ያ ጭስ የሚሰበስበው ብረት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። የናፍጣ ፖምፓውም ውስጡ ያለው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ውጪው በድንገት ሲኮማተር ውስጡ ሊነክስ ይችላል። ከጉዞ እንደገቡ በላቫጆ ግፊት የሚያስመታ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጉዳት ይገዛል።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ። ከዚያ ዲናሞውን፣ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን)፣ የአየር መሳቢያውን አፍ፣ የፊውዝና የሪሌ ሳጥኑን በፌስታል ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩ። የዘይት መሙያ ክዳኑ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግና የናፍጣ ታንከሩ ክዳን በደንብ መገጠማቸውን እዩ። አዲሶቹ መኪኖች ላይ የኮምፒውተሩ ሳጥንና የሴንሰር ሶኬቶችም ይሸፈናሉ።

በመጀመሪያ ደረቁን አውጡ። ጠርዙን በሳላችሁት እንጨት ወፍራሙን ልስን ፋቁት፤ ብረት ማኒኮቶ (ጎማ ቱቦ) እና ገመድ ይቆርጣል። ውሃ ወፍራም ቅባት ላይ ተንሸራቶ ያልፋል እንጂ አያነሣውም፤ ስለዚህ ደረቅ ፍቆቱ ግማሽ ሥራ ነው። ቀጥሎ በአምስት ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ ሲኒ የሚሆን ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ወይም የዱቄት ሳሙና በጥብጡና በብሩሽ ከታች ወደ ላይ ቀቡ። ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው እየወረደ ገና ያልተነካውን ቦታ መስመር መስመር ያደርገዋል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ ግን አይድረቅ። በጠራራ ፀሐይ ከሆነ በየመሐሉ አርጥቡት።

አንዳንዱ በናፍጣ ወይም በላምባ ያጥባል። ቅባት ያነሣል፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ናፍጣ የሞተር ጎሚኒን (ሞተሩ የተቀመጠበትን ጎማ)፣ ማኒኮቶንና ቺንጋን (የሞተር ቀበቶን) ያለሰልሳል፤ ጎማ ከጠጣው በኋላ ያብጥና ይፈረካከሳል። በጣም የተጋገረ ብረት ቦታ ላይ ብቻ በጨርቅ ነክራችሁ ተጠቀሙ፣ ወዲያው በሳሙና እጠቡት። በቤንዚን ግን ፈጽሞ አትጠቡ። ትነቱ ከሞተሩ ሥር ይተኛል፤ አንድ የባትሪ ገመድ ብልጭታ ይበቃዋል።

ማጠቢያው ውሃ በተራ ጎማ ቱቦ፣ በዝቅተኛ ግፊት ይሁን። ከታጠበ በኋላ ፌስታሉን አንሡ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ሶኬቶቹ ዙሪያ ኮምፕሬሰር ንፉበት። ባትሪውን መልሱና አስነሡት፤ አሥራ አምስት ደቂቃ በራሱ ይሥራ፤ ሙቀቱ የቀረውን እርጥበት ያወጣዋል። ይህን ስታደርጉ ቀድሞ ፎቶ ያነሣችኋቸውን ቦታዎች በእጅ ባትሪ ተመልከቱ። ምንጩ አሁንም ካልተለየ ቦታውን በደንብ አድርቃችሁ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ነስንሱበትና ለግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ተመለሱ። በነጩ ዱቄት ላይ ዘይቱ የወጣበት ቀጭን ጥቁር መስመር ምንጩን እንደ ጣት ይጠቁማል።

የእጥበቱ ውሃ ዘይት ያለበት ነውና ቦርከና ዳር ወይም ሐይቅ ዳር አቁሞ ማጠብ ይቅር። ከታች ሰውም ከብትም ይጠጣዋል፣ አትክልትም ይለማበታል።

የአየር ፊልትሮ

ከዚህ ጽሑፍ አንዷን ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ይህቺን ያንብብ። አንድ የሻይ ማንኪያ አቧራ ወደ ሲሊንደር ከገባ ከዘይት ጋር ተደባልቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፤ የፒስተን ሪንጉንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። መኪናው ወዲያው አይቆምም። ከወራት በኋላ ዘይት መጠጣት ይጀምራል፣ በዘይት መተንፈሻው ጭስ ይወጣል፣ ጠዋት አልነሣም ይላል። ያን ጊዜ ፊልትሮውን ማንም አያስታውሰውም፤ ጥፋቱ «የሞተሩ ዕድሜ» ላይ ይላከካል።

በኮረኮንች ለሚሠራ መኪና በየሳምንቱ፣ በበጋ አቧራ ደግሞ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቤቱን ከፍታችሁ እዩ። መጀመሪያ ከቤቱ ሥር ያለችውን የጎማ አፍ ጫን አድርጋችሁ የተጠራቀመውን አቧራ አራግፉ። ያቺ አፍ ከተቀደደች ወይም ክፍት ሆና ከደረቀች ቀይሯት፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ የምትከለክለው አቧራ ግን ብዙ።

ፊልትሮውን ስታወጡ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትመቱ። ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት በየጋራዡ በር ላይ የሚታየው ነው፤ ረዳቱ ፊልትሮውን ጎማ ላይ ያጋጨዋል። አቧራው ይወጣል፣ ነገር ግን የላይና የታች ቀለበቱ ይጣመማል፣ ከወረቀቱም ጋር የተጣበቀበት ሙጫ ይሰነጠቃል። የተጣመመ ቀለበት ከቤቱ ጋር አይገጥምም፤ አየሩ ደግሞ ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፣ በወረቀቱ ውስጥ መሄዱን ትቶ በጎን ያልፋል። ከዚያ በኋላ ፊልትሮ አለ ማለት የለም ማለት ነው።

ትክክለኛው አነፋፍ ከውስጥ ወደ ውጪ ነው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር 8 ባርና ከዚያም በላይ ይይዛል፤ ይህ ወረቀቱን ይበሳዋል። ግፊቱን ወደ 3 ባር አውርዱ፣ ማውረጃ ከሌለው አፉን ከወረቀቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቁ። ቀዳዳውን በእጥፋቱ ርዝመት ከላይ ወደ ታች አንቀሳቅሱ፤ አንድ ቦታ ላይ አታቁሙ። ውጪውን መጀመሪያ አትንፉ፤ አቧራውን ይበልጥ ወደ ወረቀቱ ይቀብረዋል። ውሃና ሳሙና፣ በተለይም ቤንዚን፣ አይነካውም።

ከነፋችሁ በኋላ ጨለማ ቦታ ገብታችሁ የስልካችሁን መብራት በፊልትሮው ውስጥ አስገቡና ከውጪ እያዞራችሁ ተመልከቱ። ጤነኛ ወረቀት መብራቱን እንደ ደመና አደብዝዞ በእኩል ያሳልፋል። እንደ መርፌ ጫፍ ጥርት ብሎ የሚያበራ ነጥብ ካያችሁ ያ ቀዳዳ ነው፤ ፊልትሮው ይጣል። ጠቆር ብሎ የሚቀር ሰፊ ቦታ ካለም ዘይት ወይም ጥላሸት ጠጥቷል፤ እሱም ይጣል። ምንም ነገር ባይታይ እንኳ አምስት ስድስት ጊዜ ከተነፋ በኋላ አዲስ ግዙ። ሲኖትራክና ሌሎቹ ትልልቅ መኪኖች ውስጥ ሁለተኛ ቀጭን ፊልትሮ አለ። እሱ አይነፋም፤ የመጨረሻው ዘብ ስለሆነ ይቀየራል እንጂ አይጸዳም።

አሁን ወደ ማኒኮቶው። ከፊልትሮ ቤት ወደ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተር የሚገፋው) ወይም ወደ ሞተር የሚሄደውን ጎማ ቱቦ ፋሸታውን (ማሰሪያ ቀለበቱን) ፈትታችሁ ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ ውስጡን ጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ መውጣት አለበት። ቀይ ወይም ግራጫ ዱቄት ይዞ ከወጣ አቧራ ከፊልትሮው አልፏል። ያን ጊዜ የቱቦውን እጥፋቶች እየለጠጣችሁ ስንጥቁን ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው በታችኛው በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። መኪናው ሲንቀጠቀጥ የሚፋተገው ቦታም ይበሳል። በፕላስተር መጠቅለል ለአንድ ቀን መንገድ ብቻ ነው።

የራዲያተርና የሙቀት ነገር

ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል። ከ2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ደሴ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተሩ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) የሚከፈተው ደግሞ በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመሐሉ ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ታዲያ መኪናው በኮምቦልቻና በደሴ መሐል ባለው ዳገት፣ ሐረጎ ላይ፣ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ስላለ ነው። ክዳኑ 0.9 ባር ያህል ግፊት ሲይዝ የመፍያው ሙቀት ደሴ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ላስቲኩ የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ይህን አይይዝም። ስለዚህ «ባቲ ላይ ያልፈላ መኪና ሐረጎ ላይ ፈላ» ሲባል ራዲያተር ከመክፈታችሁ፣ ቴስታታ ከማስነሣታችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ።

ክዳኑ መበላሸቱን የሚናገር ምልክት አለ። መኪናው አድሮ ጠዋት የላይኛውን ማኒኮቶ እዩት። ተጨምቆ ጠፍጥፎ ከተገኘ በክዳኑ መሐል ያለችው ትንሿ መመለሻ ቫልቭ ተዘግታለች፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ዕቃ መመለስ አልቻለም። ክዳን ስትገዙ በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ትኩስ ራዲያተር መክፈት አይቻልም፤ በጨርቅ ይዞም ቢሆን። ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ፊት ላይ ይወጣል።

ውጪውን ማጽዳት፦ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ቆቦና አላማጣ ሜዳ ላይ የአጨዳ ሰሞን ያለፈ መኪና ራዲያተር ውስጥ የማሽላ ገለባና የጤፍ እብቅ ይሞላል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ቆሻሻው ያለው በኢንተርኩለሩ (ከቱርቦ የሚወጣውን አየር ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መሐል ነው። አየር ከሚገባበት በተቃራኒ፣ ማለትም ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በኮምፕሬሰር ንፉ፤ ከዚያ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ። በግፊት ማጠቢያ ቀርቦ መምታት ስሶቹን የአሉሚኒየም ክንፎች ያስተኛቸዋል፣ የተኛ ክንፍ ደግሞ አየር አያሳልፍም። የተኙትን በስስ እንጨት አንድ በአንድ አቅኑ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሐረጎ ላይ የሙቀት መርፌው የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው።

ውስጡ፦ ኩላንትና ንጹሕ ውሃ እኩል በእኩል። በቧንቧ ወይም በምንጭ ውሃ ብቻ የሚሞላ ራዲያተር ማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ያ ቅርፊት ሙቀት እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ብረቱም ይዝጋል። የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሻላል። ካልተገኘ፣ ጣራው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከታጠበ በኋላ የተቀዳ የክረምት ውሃ ከቧንቧው ይበልጣል። የዛገ ውሃ ካወጣችሁ አፍስሱ፣ በንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት አሙቁ፣ አቀዝቅዙ፣ አፍስሱ፤ የሚወጣው እስኪጠራ ደግሙት። ሞተሩ ውሃ ጎድሎበት ከጋለ፣ አጥፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ዘይት

ዘይት የሚፈሰው ሞተሩ ለብ ብሎ እያለ ነው፤ ቆሻሻው ገና ተንሳፍፎ ስላለ አብሮ ይወጣል። አስነሥታችሁ አሙቁ፣ አጥፉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ማፍሰሻውን ብሎን ፍቱ። ጓንት አድርጉ፤ የተቃጠለ ዘይት ቆዳን ይጎዳል። ብሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት ካለው የተጣበቀውን እዩ። እንደ ጥቁር ቅቤ ያለ ስስ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ በጣት ሲፈተግ የሚቆረቁር ፍርፋሪ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የመዳብ ሮንዴላውን በአዲስ ቀይሩ።

ለእነዚህ ሞተሮች 15ደብሊው-40 የናፍጣ ሞተር ዘይት፣ ደረጃው ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 የሆነ፣ ይስማማል። ጀሪካኑ የታሸገ መሆኑን፣ ማኅተሙ ያልተነካ መሆኑን እዩ። መጠኑ ለኤንፒአር ከ8 እስከ 10 ሊትር፣ ለሲኖትራክ ከ20 ሊትር በላይ ነው። ግን በሊትር ቆጥራችሁ አትሙሉ። ሁለት ሊትር አጉድላችሁ ሙሉ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ በመለኪያው ዘንግ ለኩ፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይኛው ምልክት አድርሱ። ከምልክቱ ያለፈ ዘይትም እንደ ጎደለ ዘይት ጎጂ ነው፤ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) እየመታው አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም።

ፊልትሮው ሲኖትራክ ላይ ሁለት ነው፤ አንዱን ቀይሮ አንዱን መተው የለም። አሮጌው ሲወጣ ላስቲኩ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ተመልከቱ፤ በእሱ ላይ አዲስ ከታሰረ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። አዲሱን ላስቲክ በዘይት ቅቡ፣ በእጅ እሰሩ፣ ላስቲኩ ከነካ በኋላ ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ፤ በመፍቻ አይደለም። አስነሥታችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ነዳጅ አትስጡ። በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ካልጠፋ አጥፉና ፈልጉ።

በአቧራና በዳገት ለሚሠራ መኪና መጽሐፉ ለመደበኛ መንገድ ከሚለው ግማሽ ላይ ቀይሩ፤ 10,000 ካለ በ5,000 ኪሎ ሜትር። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥቂት ቀን መጥቆሩ ጥፋት አይደለም። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ግን ውሃ ገብቷል። መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ናፍጣ ገብቷል። በሁለቱም ሞተሩን አታስነሡ፤ መካኒክ ይጠራ።

የወጣውን ዘይት በጀሪካን ያዙ። ለአጥር እንጨት የምስጥ መከላከያ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም፤ መሬት ላይና ቦይ ውስጥ ግን አይፈስም።

ናፍጣ

ማደያ ጠፍቶ ናፍጣ በጀሪካን በተገዛ ቁጥር ውሃና ቆሻሻ አብሮ ይገዛል። በጥብቅ ወንፊትና በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አሳልፋችሁ ሙሉ፤ ከጀሪካኑ ሥር የሚቀረውን ሁለት ጣት ወደ ታንከሩ አትገልብጡ። ማታ ታንከሩን ሞልታችሁ እደሩ። በደሴ ብርድ ባዶው የታንከር ግድግዳ ላይ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ወደ ናፍጣው ይወርዳል። ሌሊቱን ውሃው ስለሚዘቅጥ የውሃ መለያውን የምታፈሱት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። በግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ቅዱት፤ ውሃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ተለይቶ ይታያል። ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ።

የናፍጣ ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ አየር ይገባል። ስፑርጎ (አየሩን ማስወጣት) እንዲህ ነው፦ ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን አንድ ዙር አላሉ፣ የእጅ ፖምፓውን ምቱ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ አረፋና ናፍጣ ተደባልቆ፣ በመጨረሻ ያለ አረፋ ንጹሕ ናፍጣ። ፖምፓውን እንደተጫናችሁ ብሎኗን እሰሩ፤ ለቃችሁ ካሰራችሁ አየር መልሳ ትስባለች። ፖምፓው እስኪከብድ ምቱና አስነሡ። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ አትያዙ።

አዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚከፋፈልባቸው) ላይ ግን ወደ ኖዝል (ናፍጣ መርጫው) የሚሄደውን ቱቦ አላልቶ አየር ማስወጣት የለም። በውስጡ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ነው፤ እንደ መርፌ ቆዳ ይበሳል፣ ሥጋ ውስጥ የገባ ናፍጣም እጅ ያስቆርጣል። የሚያፈስ ቱቦ በጣት አይፈለግም፣ በካርቶን ቁራጭ ነው።

ቺንጋና ባትሪ

ቺንጋውን በሁለቱ ፑሌጆች መሐል በአውራ ጣት ጫን አድርጉ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። የውስጥ ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየራል፤ ሲጮኽ ሳሙና መቀባት ጩኸቱን እንጂ መንሸራተቱን አያጠፋም። የባትሪ ራስ ላይ ያለውን ነጭ አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፤ ሲፈታ ኔጌቲቭ መጀመሪያ፣ ሲታሰር ኔጌቲቭ መጨረሻ። ውሃው ከሰሌዳዎቹ በላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ይቁም፤ የተጣራ ብቻ። ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሁለት ባትሪ ባለው መኪና ሁለቱ በግማሽ ቮልት ከተለያዩ ደካማው ጠንካራውን ይዞት ይሞታል፤ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ።

ፍተሻው

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ፣ ሳትጭኑ ወይም በግማሽ ጭነት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ውጡ። ሐረጎን ቁጥሩ ከፍ ባለ ማርሽ አታስጨንቁት፤ ሞተሩ ሳይታፈን የሚሽከረከርበትን ማርሽ ያዙ፣ የውሃ ፖምፓውና ፋኑም የሚሠሩት በዙሩ ልክ ነው። የሙቀት መርፌውን እዩ፤ ከመሐል ትንሽ ከፍ ብላ ከቆመች ደህና ነው፣ ሳታቋርጥ መውጣት ከቀጠለች ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ጭሱንም በመስታወት ተመልከቱ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ማሳየቱ አይቀርም። ዳገቱ ካለቀ በኋላም የሚቀጥል ጥቁር ጭስ ወደ አየር ፊልትሮ ወይም ወደ ኖዝል ይመራል፤ ሰማያዊ የሚቃጠል ዘይት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቆም ነጭ፣ ውሃው እየጎደለ ከሆነ፣ ከቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ከተማ ስትገቡ ወዲያው አታጥፉት። ቱርቦው ከዳገቱ እንደጋለ ነው፤ ዘይቱ በድንገት ከቆመ በዘንጉ ላይ ተቃጥሎ ይጋገራል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በራሱ ይሥራ። ከጠፋ በኋላ ጋቢናውን አንሡና በንጹሑ ሞተር ላይ ባትሪ አብርታችሁ እንደገና ዙሩት፤ ፊልትሮዎቹን፣ ማፍሰሻ ብሎኑን፣ የማኒኮቶ ፋሸታዎቹን በደረቅ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጉ። የዛሬውን ኪሎ ሜትር በዘይት ፊልትሮው ጎን ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉ።